የጠላቂው ባልንጀራ ማን ነው? አብሮት የወረደው ሰው ወይስ የእጅ አንጓው ኮምፒውተር?

ስኩባ በሚባለው የመተንፈሻ መሣሪያ እየታገዘ ወደ ባሕር የሚጠልቅ ሰው ከመጀመሪያው የሥልጠና ቀን አንሥቶ የሚነገረው አንድ ሕግ አለ፤ ብቻህን አትጥለቅ የሚል። ጠላቂዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይወርዳሉ፤ ውኃ ከመግባታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ትጥቅ ይፈትሻል፤ ከውኃ በታች ሳሉ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ የአንደኛው አየር ቢያልቅ ሌላኛው ለዚሁ ተብሎ የተያዘውን ትርፍ የአፍ መተንፈሻ ያቀብለዋል፤ አብረውም ይወጣሉ። ይህን አብሮ ጠላቂ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባልንጀራ እያልን እንጠራዋለን፤ ከማንኛውም የተውሶ ቃል ይልቅ ነገሩን የሚገልጸው እርሱ ስለመሰለን ነው።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ወገን ገብቷል። እርሱም በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው የጠለቃ ኮምፒውተር ነው። በመጀመሪያ የመጣው ጥልቀትንና ጊዜን እየለካ በሰውነት ውስጥ የሚሟሟውን ናይትሮጅን ለማስላት ነበር። ቀጥሎ በአየር ሲሊንደሩ ላይ በተገጠመ ማስተላለፊያ አማካይነት የቀረውን የአየር ግፊት በስክሪኑ ላይ ያሳይ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2020 ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ያወጣው ሰዓት መሰል ኮምፒውተር ደግሞ የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን በ10 ሜትር ዙሪያ ያሉ ሌሎች ጠላቂዎችን የሲሊንደር ግፊት በድምፅ ሞገድ ተቀብሎ ያሳያል፤ በ2023 የወጣው ተከታዩም ርቀቱን ወደ 30 ሜትር አሳድጎ አጫጭር መልእክቶችን ከጠላቂ ወደ ጠላቂ ያደርሳል።

ጥያቄው ይህ ሦስተኛ ወገን ሁለቱን ያቀራርባቸዋል ወይስ ያራርቃቸዋል የሚል ነው። እኛ እንደምናምነው መልሱ በመሣሪያው ጥራት ላይ የተመሠረተ አይደለም። መሣሪያው ጠላቂው በስሜት ሕዋሳቱ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ሲነግረው ይጠቅመዋል፤ ባልንጀራውን እንዳያይ ፈቃድ ሲሰጠው ግን ይጎዳዋል። ዛሬ በገበያው ላይ በብዛት የሚወደሰው አገልግሎት፣ ማለትም ባልንጀራን ከሩቅ በስክሪን መከታተል፣ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል እንላለን።

ነገሩን ለመመዘን ከፊዚክስ መነሣት ይኖርብናል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ገደማ ይጨምራል። በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ሰው በጠቅላላው የ4 አትሞስፌር ግፊት ያርፍበታል፤ ሬጉሌተሩም አየሩን በዚያው ግፊት ስለሚያቀርብለት እያንዳንዱ ትንፋሽ ከውኃው ገጽ ላይ ከሚወስደው 4 እጥፍ አየር ይበላል። ሮበርት ቦይል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስቀመጠው የጋዞች ሕግ እዚህ ላይ የፈተና ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የዕድሜ ሒሳብ ይሆናል።

ሒሳቡን ከአንባብያን ጋር አብረን እንሥራው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር እስከ 200 ባር ሲሞላ 2400 ሊትር ያህል አየር ይኖረዋል። አንድ የተረጋጋ ጠላቂ ከውኃው ገጽ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል ብንል፣ በ30 ሜትር ላይ 80 ሊትር ይፈጃል፤ ሲሊንደሩም ከ30 ደቂቃ አያልፍም። ከዚህ ውስጥ በተለምዶ 50 ባር፣ ማለትም 600 ሊትር፣ መጠባበቂያ ሆኖ ይያዛል። አሁን የአንደኛው አየር በድንገት አልቆ ሁለቱም ከአንድ ሲሊንደር መተንፈስ ጀመሩ እንበል። የፈራ ሰው ትንፋሽ በቀላሉ እጥፍ ስለሚሆን ለእያንዳንዳቸው በደቂቃ 40 ሊትር እንያዝላቸው። በደቂቃ 10 ሜትር ፍጥነት ከ30 ሜትር ለመውጣት 3 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ በመንገዱ ላይ ያለው አማካይ ግፊትም 2.5 አትሞስፌር ነው። 2 ሰው፣ በ40 ሊትር፣ በ2.5፣ በ3 ደቂቃ ሲባዛ በትክክል 600 ሊትር ይመጣል። መጠባበቂያው ይበቃል፤ የሚበቃው ግን ከታች ምንም ጊዜ ካልባከነ ብቻ ነው። እዚያው 30 ሜትር ላይ የምትባክን አንዲት ደቂቃ ለሁለት የፈሩ ሰዎች 320 ሊትር ትበላለችና።

እንግዲህ የባልንጀራ ዋጋ የሚለካው በመኖሩ ብቻ ሳይሆን በርቀቱም ነው። አየር ያለቀበት ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያውቀው ትንፋሹን ካስወጣ በኋላ ቀጣዩን ለመሳብ ሲሞክር ነው። በሙሉ ትጥቅ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይዋኛል ብንል፣ 3 ሜትር ርቆ ካለ ባልንጀራው ዘንድ ለመድረስ 6 ሰከንድ ይፈጅበታል። ባልንጀራው 25 ሜትር ርቆ ከሆነ 50 ሰከንድ ያስፈልገዋል፤ ያውም በባዶ ሳንባ፣ ያውም ባልንጀራው ባለበት ከቆመለት ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ሥጋት አይደለም። ዳን በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካ የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ከ1992 እስከ 2003 የደረሱ 947 የመዝናኛ ጠላቂዎችን ሞት መርምረው ነበር። የአደጋው መነሻ ሊታወቅ ከቻለባቸው ውስጥ 41 ከመቶ የሚሆኑት የጀመሩት አየር በማለቁ ወይም በማነሱ ነው። ልብ እንበል፤ የግፊት መለኪያ በዚያ ዘመን ብርቅ ዕቃ አልነበረም። ከሲሊንደሩ በቀጭን ቱቦ ተያይዞ በጠላቂው ጎን የሚንጠለጠል ተራ ሜካኒካዊ ጌጅ የመደበኛው ትጥቅ አካል ነበር። በብዙዎቹ አደጋዎች ላይ የጎደለው መለኪያው ሳይሆን ተመልካቹ ነበር ብንል ከእውነት የምንርቅ አይመስለንም።

ለኤሌክትሮኒክሱ የሚሟገቱ ወገኖች ጠንካራ ማስረጃቸውን የሚያገኙትም እዚሁ ላይ ነው። ሰው ካልተመለከተ መሣሪያው ይጩኽበት ይላሉ፤ ትክክልም ናቸው። ጌጁ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፤ ኮምፒውተሩ ግን አየሩ 100 ባር፣ ቀጥሎም 50 ባር ሲደርስ ባለቤቱን ይቀሰቅሰዋል። አንድን ጠላቂ ስለ ራሱ አየር የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ባልንጀራውንም ይጠቅማል፤ አየሩን በጊዜ ያወቀ ሰው የሌላውን መጠባበቂያ ለመካፈል አይገደድምና።

ከዚህም የበለጠ ክብር የሚገባው ኮምፒውተሩ ሲፈጠር የተሰጠው ሥራ ነው። ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ሲሟሟ አይታወቅም፤ አያምም፣ አይከብድም። የሚያሳምመው ጠላቂው ፈጥኖ ወደ ላይ ሲወጣ፣ እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ በአረፋ መልክ ሲለቀቅ ነው። ጆን ስኮት ሃልዴን ከባልደረቦቹ ጋር በፍየሎች ላይ ባደረገው ሙከራ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1908 የመጀመሪያውን ሳይንሳዊ የአወጣጥ ሰንጠረዥ አሳተመ። ሰውነትን ናይትሮጅን በተለያየ ፍጥነት በሚቀበሉና በሚለቁ 5 ምናባዊ ክፍሎች ከፍሎ ነበር ያሰላው። ከእርሱ በኋላ በዙሪክ የሠራው አልበርት ቡልማን ክፍሎቹን 16 አደረሳቸው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት ስሌት የዚህ ሰው ነው። 16 ክፍሎችን በየጥቂት ሰከንዱ በአእምሮው የሚያሰላ ባልንጀራ የለም። ወደ ላይ የመውጫው ፍጥነት ከተፈቀደው ሲያልፍ የሚሰማው ማስጠንቀቂያም እንዲሁ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ ሰማያዊ በሆነበት ውኃ ውስጥ ሰው የራሱን ፍጥነት በዓይኑ መገመት አይችልም።

እዚህ ላይ ለአገራችን አንባቢ የሚጠቅም አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ጠላቂዎች ከባሕር ከወጡ በኋላ በአውሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት እንደ ጠለቃቸው ብዛትና ዓይነት 12፣ 18 ወይም ከዚያ የበለጠ ሰዓት እንዲቆዩ ይመከራሉ። ምክንያቱም በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ግፊት ጋር ሊስተካከል ስለሚችል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሲጠልቅ የሰነበተ ሰው በባቡር ወይም በመኪና ቢመለስ እንኳ አካሉ አውሮፕላን እንደተሳፈረ ይቆጠራል፤ ልዩነቱ ከዚህኛው አውሮፕላን አለመወረዱ ብቻ ነው። በጣናና በቢሾፍቱ ሐይቆችም፣ ከ1700 ሜትር በላይ ባሉት በእነዚህ ውኃዎች፣ ለባሕር ጠለል የተሰናዳው ሰንጠረዥ እንዳለ አይሠራም። ከፍታውን ራሱ ለክቶ ስሌቱን የሚያስተካክል፣ እስከ በረራ የቀረውን ሰዓትም የሚቆጥር ኮምፒውተር የማንንም ባልንጀራ ቦታ ሳይነጥቅ ሕይወት ይጠብቃል። በእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ላይ ጠብ የለንም።

ሆኖም ሰንጠረዡ ሲሄድ አብሮት የሄደ አንድ ነገር አለ። በሰንጠረዡ ዘመን ሁለት ባልንጀሮች ጀልባው ላይ ተቀምጠው፣ በእርሳስ እየጻፉ፣ እስከ ስንት ሜትር እንደሚወርዱ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩ፣ ሲሊንደሩ ስንት ባር ሲቀረው እንደሚመለሱ መስማማት ነበረባቸው። ያለ ስምምነት ስሌት፣ ያለ ስሌትም ጠለቃ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ይህን ሥራ ውኃ ውስጥ ስለሚሠራው ንግግሩ ትርፍ መስሎ ታየ። ነገር ግን በዚያ ንግግር ውስጥ ከቁጥሩ ሌላ ብዙ ነገር ይተላለፍ ነበር፤ ዛሬ ጉንፋን የጀመረው ማን እንደሆነ፣ ጥልቀት የሚፈራው ማን እንደሆነ፣ አየር ቶሎ የሚጨርሰው ማን እንደሆነ። ዛሬ ይባስ ብሎ የሁለቱ ኮምፒውተሮች ስሌት የማይገጥምበት ጊዜ አለ፤ የአንደኛው ስክሪን ገና 12 ደቂቃ አለህ ሲል የሌላኛው 5 ብቻ ይላል። ደንቡ ጠንቃቃውን መከተል ነው። አስቀድመው ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ግን ይህን በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ በእጅ ምልክት መከራከር አይሆንላቸውም። ናይትሮጅን በዚያ ጥልቀት አካባቢ እንደ መጠጥ አእምሮን ማደንዘዝ እንደሚጀምርም አንዘንጋ።

ማስጠንቀቂያው በድምፅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ይህኛው የኩባንያ ጉድለት ሳይሆን የተፈጥሮ ሕግ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር፣ በውኃ ውስጥ 1500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ ከሚያውቅባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ድምፁ ወደ ሁለቱ ጆሮዎቹ በሚደርስበት ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በጆሮዎቹ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር አለ ብንል፣ ልዩነቱ በአየር ውስጥ ከግማሽ ሚሊ ሰከንድ በጥቂቱ ይበልጣል፤ በውኃ ውስጥ ወደ ሩቡ ይወርዳል። ጭንቅላታችን በአየር ውስጥ የሚጥለው የድምፅ ጥላም በውኃ ውስጥ እጅግ ይደክማል። ስለዚህ ድምፁ ከሁሉም አቅጣጫ የመጣ ይመስላል። 6 ጠላቂዎች በአንድነት ወርደው የአንደኛው ኮምፒውተር ቢጮኽ፣ 6ቱም የየራሳቸውን የእጅ አንጓ ይመለከታሉ። ከዚያ 5ቱ የእኔ አይደለም ብለው ወደ ዓሣው ይመለሳሉ። በየጊዜው የማይመለከት ጩኸት የሰማ ጆሮ ደግሞ የሚመለከተውንም መስማት ይተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሙግታችን እንምጣ፤ ባልንጀራን በስክሪን ወደ መከታተል። የሬድዮ ሞገድ በጨው ውኃ ውስጥ ወዲያው ስለሚዋጥ ጂፒኤስም ሆነ የእጅ ስልክ ከባሕር በታች አይሠራም። ከሲሊንደሩ ወደ ባለቤቱ የእጅ አንጓ የሚላከው ምልክት እንኳ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ተጠቅሞ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር ብዙም አያልፍም። ርቆ መሄድ የሚችለው የድምፅ ሞገድ ነው፤ እርሱም ዐለት ሊጋርደው ይችላል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ መሣሪያው ያለ እንከን ሠራ እንበልና ስክሪኑ የሚለውን እናንብብ፤ ባልንጀራህ በ25 ሜትር ርቀት ላይ ነው፣ 90 ባር ቀርቶታል። መረጃው ትክክል ነው። ጠላቂው ግን ምን ያደርግበታል? ሳይኖረው ቢቀር ኖሮ ባልንጀራዬ የት ሄደ ብሎ ይደነግጥ፣ ዞሮ ይፈልግ፣ ካጣውም በሥልጠናው እንደተማረው አንድ ደቂቃ ያህል ፈልጎ ወደ ውኃው ገጽ ይወጣ ነበር። ስክሪኑ ይህን ጤናማ ድንጋጤ ያስታግስለታል። 25 ሜትር፣ ቀደም ሲል እንዳሰላነው፣ በባዶ ሳንባ የ50 ሰከንድ መንገድ ነው። መሣሪያው እርዳታ የማይደርስበትን ርቀት በትክክል ለክቶ ያረጋጋዋል ማለት ነው።

ቁጥር አየር አይደለም። ስክሪን መተንፈሻ አያቀብልም፣ ከመረብ ውስጥ እግር አያላቅቅም፣ ራሱን የሳተ ሰው የክብደት ቀበቶ አይፈታም። ከላይ በጠቀስነው ጥናት ውስጥ ለሞት ያበቃው ጉዳት ሊታወቅ ከቻለባቸው ጠላቂዎች 33 ከመቶ የሚሆኑት በመታፈን፣ 29 ከመቶ የሚሆኑት አየር ወደ ደም ቧንቧ በመግባቱ፣ 26 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ በልብ ሕመም ተጎድተው ነበር። ልቡ የቆመበት ሰው የአየር ግፊት በስክሪን ላይ መልካም መስሎ ይታያል፤ እንዲያውም ስለማይተነፍስ አይቀንስም። ይህን ሰው የሚያድነው ዓይኑን አይቶ፣ የአረፋውን መቋረጥ ተመልክቶ ወዲያው የሚይዘው ሰው ብቻ ነው።

የሚቃወሙን ወገኖች ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው፣ በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ የመኪና ቀበቶም ሊወገዝ ነው የሚል ነው። ክርክሩ ታሪክ አለው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኢኮኖሚስት ሳም ፔልትዝማን እ.ኤ.አ. በ1975 የመኪና ደኅንነት ደንቦች አሽከርካሪውን ደፋር ስለሚያደርጉት ጥቅማቸው ይመክናል ሲል ጽፎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቀበቶ የሰው ሕይወት እንደሚያድን ከዚያ ወዲህ በሚገባ ተረጋግጧል። እኛም ቀበቶን አናወግዝም። ቀበቶ ግን ረስተነውም ይሠራል፤ ዓይናችንን ከመንገዱ ላይ እንድናነሣ አይጠይቀንም። የባልንጀራን ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን የሚሠራው ሲታይ ብቻ ነው፤ በታየ ቁጥርም ዓይንን ከባልንጀራው ላይ ያነሣል። ለመኪና ምሳሌ ከተፈለገ ከቀበቶ ይልቅ እየነዱ የእጅ ስልክ ማንበብ ይቀርበዋል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሆነ አንባቢ ደግሞ ሩቅ ሳይሄድ በቤተ ሙከራ ያለውን ደንብ ያስታውስ። የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለ በአደገኛ ኬሚካል ብቻህን መሥራት ትችላለህ የሚል ኃላፊ የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። የባልንጀራ ሥርዓት ራሱ በወረቀት ላይ እንደሚነገረው አይደለም ይላሉ። ጀልባ ላይ በዚያው ጠዋት የተዋወቁ ሁለት እንግዶች ይጣመራሉ፤ አንደኛው ፎቶግራፍ ለማንሣት ይቀራል፣ ሌላኛው ዔሊ ተከትሎ ይሄዳል፤ ስም ብቻ የሆነ ባልንጀራ ከሌለ ባልንጀራ የከፋ ነው፤ ሰው እንዳለው እያሰበ ሰው የለውምና። ይህን እንቀበላለን። አንዳንድ የሥልጠና ድርጅቶችም ይህንኑ ተገንዝበው ልምድ ላላቸው ጠላቂዎች ራስን ችሎ የመጥለቅ ኮርስ መስጠት ጀምረዋል። ነገር ግን በዚያ ኮርስ ውስጥ ባልንጀራውን የሚተካው ምን እንደሆነ እንይ። ከዋናው የተለየ፣ የራሱ ሬጉሌተር ያለው ሁለተኛ የአየር ምንጭ ነው፤ ብዙ ጊዜም አነስ ያለች ሲሊንደር። ብቻቸውን የሚጠልቁት እንኳ ባልንጀራቸውን በስክሪን አልተኩም፤ በአየር ነው የተኩት።

ኤሌክትሮኒክሱ ለጥንዱ በትክክል የሚያገለግልበትን መንገድ ማየት የሚሻ ሰው ሪብሪዘር ወደሚባሉት መሣሪያዎች ይመልከት። እነዚህ የተነፈሱትን ጋዝ አጣርተው፣ ኦክስጅን ጨምረው መልሰው የሚያስተነፍሱ ናቸው። በውስጣቸው ኦክስጅን ቢያንስ ጠላቂው ምንም ሳይሰማው ራሱን ይስታል፤ ስለዚህ ያለ ኤሌክትሮኒክ መለኪያ መጠቀም አይታሰብም። አደገኛነታቸው ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአንድሩ ፎክ ጥናት ከ1998 እስከ 2010 ድረስ 181 የሪብሪዘር ተጠቃሚዎች መሞታቸውን መዝግቦ የሞት መጠኑ ከተለመደው ስኩባ 10 እጥፍ ያህል እንደሚሆን ገምቷል። ታዲያ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ አንድ ብልህ ነገር አላቸው፤ ጋዙ ሲበላሽ ከባለቤቱ ዓይን ፊት ብቻ ሳይሆን ባልንጀራው ሊያየው በሚችልበት በኩልም ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያበራሉ። መብራቱ ባለቤቱ ማሰብ ሲያቅተው የሚያስብለትን ሰው ይጠራል። ባልንጀራው አጠገብ ከሌለ ደግሞ ለዓሣ ነው የሚበራው፤ መሣሪያው ራሱ መቀራረብን ይጠይቃል ማለት ነው።

ከውኃው ገጽ በላይ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው፤ በዚያ ላይ ከመሣሪያው ጎን ያለ ማወላወል እንቆማለን። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1998 በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል አጥር ላይ አብረው የጠለቁ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ጀልባቸው ትቷቸው ሄደ። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ በሕይወትም አልተገኙም። በጥንድ መጥለቃቸው ከዚህ አላዳናቸውም። ዛሬ ውኃ በማያስገባ ዕቃ ተዘግተው የሚያዙ፣ ጠላቂው ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ያለበትን ቦታ በሬድዮ የሚያስታውቁ መሣሪያዎች አሉ፤ በአየር ውስጥ ሬድዮው ይሠራልና። በየኪሱ ቢኖር እንወዳለን። ሆኖም በዚያ ቀን መጀመሪያ የጎደለው መሣሪያ አልነበረም፤ በትክክል የተቆጠረ ራስ ነበር። የኩዊንስላንድ ደንብም ከዚያ በኋላ የጠበቀው በሰው ቆጠራው ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ኮምፒውተሩ ይታሰር፤ ለእያንዳንዱ ጠላቂ የራሱ ይኑረው። ማስጠንቀቂያው ከድምፅ ይልቅ በንዝረት እንዲሆን ይደረግ፤ ንዝረት የማን እንደሆነ አያሳስትም። የባልንጀራው ግፊት በስክሪን ላይ ቢታይም እንኳ በየ5 ደቂቃው በጣት ምልክት ይጠየቅ፤ መልሱን የምንፈልገው ለቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ለአመላለሱ ነው። የዘገየ፣ የተሳሳተ ወይም ግራ የተጋባ መልስ የሰጠ ጠላቂ ስለ አእምሮው ሁኔታ ማንም ማስተላለፊያ የማይልከውን ነገር ነግሮናል። በሥልጠና ላይም ቢያንስ አንድ ጠለቃ የባልንጀራው ስክሪን ጠፍቶ ይደረግ። በደፈረሰ ውኃ፣ የአገራችን የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኛ ጠላቂ ዋናተኞች ብዙ ጊዜ በሚገቡበት ዓይነት ውኃ፣ ሁለት ሰዎችን የምታያይዝ አጭር ገመድ ከማንኛውም ሶናር ትበልጣለች፤ ባትሪዋም አያልቅም።

ለመሣሪያ ሠሪዎችም የምንለው አለን፤ ከአንባብያን መካከል ነገ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ የሚሆን አይጠፋምና። ባልንጀራን በ30 ሜትር ርቀት የሚያሳይ መሣሪያ ርቀቱን መለካት ከቻለ፣ 4 ሜትር ላይ ሲደርስ የሁለቱንም እጅ ማንዘር ይችላል። ቁጥሩን ማሳየቱን ትቶ ሁለቱ እስኪቀራረቡ ድረስ ስክሪኑን ባዶ ማድረግም ይችላል። ለዚህ አዲስ ሴንሰር አያስፈልግም፤ ጥቂት የፕሮግራም መስመሮች ይበቃሉ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመሸጥ ያስቸግር ይሆናል፤ በ30 ሜትር የሚሠራውን በ4 ሜትር ወስኖ አቅርቦ ተሻሽሏል ማለት ለማስታወቂያ አይመችም። እኛ ግን ገዢ ብንሆን የምንገዛው እርሱን ነው።